ናይጄሪያ ሲባል 36 ግዛት ብቻ አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ናይጄሪያ መንግሥት ያወጣችሁትን አነበብኩ። «36 ግዛቶች ያሉት ፌዴሬሽን» ብላችሁ አለፋችሁት፤ ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። እዚያ ፕሬዚዳንት ለመሆን ከተፎካካሪ በልጦ መገኘት ብቻ አይበቃም፣ ከግዛቶቹ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው፣ በእያንዳንዳቸው 25 በመቶ ድምፅ ማግኘት ግድ ስለሆነ፣ ሰሜኑን ብቻ ወይም ደቡቡን ብቻ ይዞ ቤተ መንግሥት መግባት የማይታሰብ ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ ያሸነፉት 37 በመቶ ገደማ ይዘው ነው። ግዛት ባልሆነችው በዋና ከተማዋ አቡጃ ላይ 25 በመቶው ስላልሞላላቸው፣ «እዚያስ ግድ ነው ወይ?» የሚለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ሚኒስትርም ከየግዛቱ ቢያንስ አንድ መሾም አለበት (የካቢኔውን ስፋት አስቡት!)።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን የገንዘቡ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ግዛት በየወሩ ከአቡጃ የሚከፋፈለውን ገቢ ነው የሚጠብቀው። ለ774ቱ የአካባቢ መስተዳድሮች የሚመደበውም በየግዛቱ ገዥዎች እጅ ስለሚያልፍ ብዙው እዚያው ይቀር ነበር። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቀጥታ ይድረሳቸው ብሎ ወስኗል። ገዥዎቹ እሺ ብለው ይለቁታል? እኔ እጠራጠራለሁ። እስቲ በሚቀጥለው እትማችሁ ይህን ተከታትላችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ