ለደንበኞቻችን፦ ዕቃ ስታሠሩ የቱ ጋ መጥበቅ እንዳለበት ንገሩን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ ገንዘባችሁም የእኛም ድካም በከንቱ እንዳይቀር ብለን ነው።

አንዳንዶቻችሁ ተበልቶ ያለቀ ሻፍት (የሚሽከረከር የብረት ዘንግ) በጨርቅ ጠቅልላችሁ ታመጡና «ልክ እንደዚህ ሥሩልኝ» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በኮምፒውተር የተሣለ ስዕል ትልካላችሁ፤ ሁሉም ልክ ላይ ±0.01 (ከልኩ ከ0.01 ሚሊሜትር በላይ አይብለጥ፣ አይነስ) ተጽፎበታል። ሁለቱም ያስቸግሩናል።

ያለቀ ዕቃ የድሮ ልኩን አይናገርም። ኩሽኔታ (ሻፍቱ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) ሲፈተግበት የኖረ ሻፍት 39.8 ሚሊሜትር ቢለካ፣ አዲሱን 39.8 አድርገን ብንሠራው ኩሽኔታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይላወሳል። ስለዚህ ኩሽኔታውን አብራችሁ አምጡ፤ ካልሆነ ቁጥሩን ጻፉልን። 6208 ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 እናባዛለን፤ የሻፍቱ ውፍረት 40 ሚሊሜትር መሆኑን እናውቃለን። ኩሽኔታው የሚገባበት ቤት ካለም ይምጣ።

አሁን ወደ ±0.01 እንምጣ። አይኤስኦ 2768 በሚባለው ዓለም አቀፍ የልክ መመሪያ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ30 እስከ 120 ሚሊሜትር ላለ ልክ የሚፈቀደው ልዩነት ±0.3 ነው። ምንም ነገር ለማይነካው የሻፍት ክፍል ይህ ከበቂ በላይ ነው። የኩሽኔታው መቀመጫ ግን ሌላ ነገር ነው። ኬ6 በሚባለው ጥብቅ የመግጠሚያ ልክ ከተሠራ ከ40.002 እስከ 40.018 መሃል መውደቅ አለበት። ከራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ ክፍተት ነው። እዚያ ለመድረስ ትንሽ እንቆርጣለን፣ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን፣ እንለካለን፣ እንደገና እንቆርጣለን። ይህን ድካም በማያስፈልግ ቦታ ሁሉ ካዘዛችሁን የምትከፍሉት ለባዶ ነው።

መጠበቁ ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ከቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ ከሚቆርጠው ማሽን) ገና የወረደ ብረት ትኩስ ነው። የ20 ዲግሪ ልዩነት 100 ሚሊሜትር ብረትን 0.02 ሚሊሜትር ያህል ያሰፋዋል፤ አሉሚኒየምን ደግሞ የዚህን እጥፍ። ዓለም የተስማማበት የልኬት ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። የድሬዳዋን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ጥብቅ ሥራዎችን በማለዳ የምንለካው ለዚህ ነው፤ «ዛሬውኑ ካልወሰድኩ» ስትሉን አንድ ሌሊት የምንለምናችሁም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ በላይ ልንነግራችሁ የፈለግነው ግን ይህን ነው። አንድ ጊዜ ከሐረማያ በኩል አትክልት ለሚያለማ ደንበኛችን የውኃ ፓምፕ ሻፍት ሠራን። ሁለቱን የኩሽኔታ መቀመጫዎች በማይክሮሜትር ለካን፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ፓምፑ ሲነሳ ግን ተንቀጠቀጠ፣ ኩሽኔታው ጋለ። ሻፍቱን አስመልሰን በአንደኛው መቀመጫ ደግፈን፣ ሌላኛው ላይ ዳያል ጌጅ (ቀስት ያለው ረቂቅ መለኪያ) አስነክተን ስናዞረው ቀስቱ 0.12 ሚሊሜትር ተወዛወዘ። ለካ አንዱን ጫፍ ከጨረስን በኋላ ከቻኩ (ዕቃውን ጨምድዶ ከሚይዘው የቶርኖ መንጋጋ) ፈትተን፣ ገልብጠን ነበር ያሠርነው። እያንዳንዱ መቀመጫ ለብቻው ትክክል ነው፤ ሁለቱ ግን በአንድ መሃል መስመር ላይ አልነበሩም። ስዕሉ ይህን አልጠየቀም፤ እኛም መጠየቅ ሲገባን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛ ነበርና በሁለት ሴንተር (ሻፍቱን ከሁለቱም ጫፍ በሚደግፉ ሹሎች) መሃል፣ ሳንፈታ፣ በነፃ ደግመን ሠራንለት።

ውፍረትና ርዝመት ብቻውን አይበቃም የምንለው ከዚህ ተነስተን ነው። ቀጥ ማለቱ፣ ከሌላው ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱ፣ ሲዞር አለመወዛወዙ የየራሳቸው ቶለራንስ (የሚፈቀድ ልዩነት) አላቸው። በስዕል ላይ በትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ይጻፋሉ፤ ከየትኛው ገጽ ተነስተን እንደምንለካም በፊደል ይጠቁማሉ። ሳጥኑን ባታውቁት አትጨነቁ። «ሁለቱ መቀመጫዎች እርስ በርሳቸው ከ0.02 በላይ እንዳይወዛወዙ» ብላችሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ጻፉልን፤ ይገባናል።

ልስላሴም እንዲሁ ነው። «እንደ መስታወት ይሁን» የሚለው ትእዛዝ ይበዛል። ቶርኖ በተለመደው አሠራር አርኤ (የሻካራነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይለሰልሳል) 3.2 ወይም 1.6 ማይክሮን ይሰጣል፤ ለብዙ ቦታ ይበቃል። ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) የሚነካው ቦታ ግን ከ0.2 እስከ 0.8 መሆን አለበት። ሻካራ ከሆነ የሲሉን ከንፈር ይበላዋል። ከመጠን በላይ ከለሰለሰም ዘይት አይዝም፤ ከንፈሩ ደርቆ ይቃጠላል። ቁጥሩ ብቻ ደግሞ አያድንም። የቶርኖ ቢላ እንደ ብሎን ጥርስ የሚዞር ቀጭን መስመር ትቶ ያልፋል፤ ሻፍቱ ሲሽከረከር ያ መስመር ዘይቱን ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ሲል የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት አድርጉልን፤ በግራይንደር (በሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ) እንጨርሰዋለን። ሙያውን ያስተማሩን ከምድር ባቡር ወርክሾፕ የወጡ አንጋፋዎች ጥፍራቸውን አንሸራትተው ልስላሴ ይለዩ ነበር። እኛም ዛሬ ድረስ የናሙና ሳህኑን አጠገቡ አድርገን በጥፍር እናነጻጽራለን። መጥታችሁ ሞክሩት።

እንግዲህ ከማዘዛችሁ በፊት ስዕሉን ወይም አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ በጠዋት ብቅ በሉ። ምን ላይ እንደሚገጠም፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ምን እንደሚሸከም ንገሩን። የቱ ጋ እንደሚጠብቅ፣ የቱ ጋ እንደሚላላ አብረን በእርሳስ እናሰምርበታለን። ለዚህ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ሠራተኞች
ድሬዳዋ