አድራሻሽን ላኪልኝ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ትዕግሥት፣

እንደምን ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ እንዲህ በድንገት ስመጣ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ይቅርታውን ስንገናኝ በደንብ እጠይቅሻለሁ፤ ዛሬ ልቤ ሌላ ነገር ላይ ነው።

ረቡዕ ዕለት እናንተ ቤት ነበርኩ። የፋሲካ ሳምንት አይደል፣ እማማ ዶሮው ሳያልቅ አትሄጂም ብለው ይዘውኛል። ቶናው እየተቀዳ ሳለ ቴሌቪዥኑ ኢስታንቡል መጠኑ 6.2 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች አለ። እማማ ስኒውን እንደያዙ ቀሩ። «የኔ ልጅ ያለችበት ነው?» አሉኝ። «ከተማዋ ሰፊ ናት» ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና ደወልኩልሽ። አይገባም። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አይገባም። ማታ ለወንድምሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ የላክሽው መልእክት ሲደርስ እማማ እልል አሉ፤ እኔ ደግሞ ለቅሶዬ መጣ። ለካ ጥሪው ሲጨናነቅ አጭር የጽሑፍ መልእክት ያልፋል። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ እሱን ላኪ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት የለም። በዚያ ቀን ሕንፃ ተንዶበት የሞተ ሰው የለም፤ ነገር ግን ከ150 በላይ ሰዎች በድንጋጤ ከከፍታ ሲዘሉ ተጎድተዋል። ትዕግሥት፣ አደራሽን እንዳትዘዪ። መብረቅ ሲያስገመግም ጠረጴዛ ሥር የምትገቢው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚስቅብሽ አንቺ አልነበርሽም? ትክክሉ ያ ነበር! አሁንም ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ ራስሽን ሸፍኚ፣ እግሩን አጥብቀሽ ያዢ፤ ከመስኮት ራቂ። ንውጥውጡ ሲያበቃ ጋዙን ዘግተሽ በደረጃ ውረጂ እንጂ አሳንሰር አትንኪ። ሌሊትም ሊሆን ይችላልና ጫማሽ ከአልጋሽ ሥር አይጥፋ፣ የተሰበረ መስታወት እግር ይቆርጣል። በ2023 በፈረንጆች የካቲት ወር ደቡብ ቱርክን የመታው ሰዎች በተኙበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በቱርክ ብቻ ከ53 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

ግድግዳው መሰንጠቁን ለወንድምሽ ነግረሽዋል አሉ። ሕንፃው መቼ ነው የተሠራው? ኢዝሚት አካባቢ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ካለቀበት፣ በፈረንጆች ከ1999ኙ መንቀጥቀጥ በፊት ከሆነ፣ እባክሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። መንቀጥቀጡን የሚያመጣው የምድር ስንጥቅ የሚያልፈው እናንተው አጠገብ፣ ከማርማራ ባሕር ሥር ነው። እኔ ጎብኚ እየመራሁ የኢያሱን ቤተ መንግሥት ባሳየሁ ቁጥር በፈረንጆች 1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው እናገራለሁ፤ እንዲያ ያለ የድንጋይ ግንብ ካልቻለው የእናንተ ፎቅ እንዴት ይችላል?

አሁን ደግሞ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? የመኖሪያ ፈቃድሽ ጊዜው ማለፉን ሰምቻለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም፣ እማማም አያውቁም። የምፈራው ተጎድተሽ እያለ «ይይዙኛል» ብለሽ እንዳትደበቂ ነው። 112 ደውዪ። አምቡላንሱም፣ እሳት አደጋውም፣ ፖሊሱም በዚያው ቁጥር ነው፤ ቋንቋው ቢያስቸግርሽ ጎረቤት ይደውልልሽ። ሰው ወደሚሰበሰብበት ሜዳ ሂጂ፣ ብቻሽን አትቅሪ። ፓስፖርትሽ ፍርስራሽ ውስጥ ቢቀርም ለእሱ ብለሽ እንዳትመለሺ፤ አንካራ ያለው ኤምባሲያችን ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚያገለግል የጉዞ ወረቀት፣ ይሰጣል። ፎቶውን ግን ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ።

ነይ ልልሽ አስቤ ነበር። አልልሽም፣ የሄድሽበትን ምክንያት አውቃለሁና። ግን ብትመጪ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ሁለት ክፍል አለው።

ሙሉ አድራሻሽን፣ ፎቅሽን ጭምር፣ አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ስልክም ጨምረሽ ላኪልኝ። እማማ እስከ እሑድ ካልመጣ እኔው እደውላለሁ ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ ስልክ ከያዙ እንደማይለቁ ታውቂያለሽ።

የምትወድሽ፣
ሙሉ