ለፍልሰታ ዓሣ ከመግዛታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጣና ዳሯ ጎርጎራ ሲጻፍ ደስ እያለኝ ነው የማነበው። ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ አለ፣ አሁን ደግሞ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ተጨምሯል። ይጻፍ፣ ምን ከፋ። ግን የደንቢያ የሐይቅ ዳር ሰው የሚኖረው ከጭቃውና ከመረቡ ነው። ስለዚያ የሚጽፍ ስላጣሁ እኔው ልሞክር።

የጣና ዳር ገበሬ ሁለት እንጀራ አለው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ይሸሻል። ባሕር ሸሹ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ዝናብ አይጠብቅም፣ ጥቁሩ አፈር የያዘው እርጥበት ይበቃዋል። ያው ሰው ማታ መረብ ዘርግቶ ጠዋት ያነሳል። ታንኳው ከደንገል የታሰረ ነው። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ መልስ አቁመው ፀሐይ ያሞቁታል። ዕድሜው አጭር ነው፣ ግን ነዳጅ አይጠይቅም።

የሚያዘው ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ቀረሶ እዚያው ዳር፣ ደንገልና ቄጤማው ውስጥ ይራባል። ነጭ ዓሣ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥሉ ወደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። የሚሮጥ ውሃና ጠጠር ይፈልጋሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም እዚያው ይጠብቃቸዋል! የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከገቡ ወዲህ ነገሩ ብሷል። ተመራማሪዎች የ1983ን ናሙና ከ1993ቱ ጋር ሲያስተያዩ ነጭ ዓሣው ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት።

እኛ ጎንደሬዎች እዚህ ላይ እንገባለን። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ገበያው ግን ተራውን አይስትም፣ ጾም ሲገባ ዓሣ ይፈለጋል። ልክ በዚያ ሰሞን ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ ነው። አምና በነሐሴ ከተማ ውስጥ ዓሣ ስገዛ ሻጩ ሆዱን ሲቀደው እንቁላሉ እፍኝ ሙሉ ወጣ። «አየህ፣ እንዴት የሰባ እንደሆነ!» አለኝ። ከዚያም እንቁላሉን ጠራርጎ ባልዲ ውስጥ ጣለው።

ሕግ የለም እንዳይባል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የጎደለው መረቡን የሚያነሳ ሰው ነው። ሐይቁ ሁሉ ይዘጋ አላልኩም። ከሐምሌ እስከ መስከረም የመገጭና የድርማ አፍ ብቻ ይጠበቅ። ለአጥማጁ ሌላው ውሃ ክፍት ነው፣ ክረምት ደግሞ የእርሻው ሥራም አያስቀምጠውም። ጠባቂዎቹም ከእነሱው መካከል በደመወዝ ይቀጠሩ፣ የዓሣውን መንገድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛም ለሁለት ሳምንት ሽሮ አይጠፋብንም።

የቆሻሻው ነገር ደግሞ የራሳችን ዕዳ ነው። በከተማችን ወንዞች፣ በቀሃና አንገረብ ውስጥ የጣልነው ሁሉ መገጭ ገብቶ ጣና ይደርሳል። እምቦጭ የሚሉት የውሃ አረም በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ ነው። ቆሻሻችን ደግሞ ይቀልበዋል። በየዓመቱ ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ እምቦጭ ሲነቅል ፎቶ እናነሳለን፣ ፍሳሹን ግን አናቆምም።

እናንተም ለመጪው ነሐሴ አንድ ጋዜጠኛ ወደ መገጭ መግቢያ ላኩ። ጎርጎራ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም፣ ማደሪያም አያጣም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር