ለፍትሕ ሚኒስቴር፦ የተከራይ ይርጋ ከየትኛው ቀን ነው የሚቆጠረው?

ክቡር ሚኒስትር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቤቱን አከራይቶ ውጭ የሄደ ወይ ሌላ ከተማ የገባ ሰው ስንት ዓመት ዝም ካለ ነው ቤቱ ከእጁ የሚወጣው፣ ማለትም ይርጋው (ሕጉ የቆረጠው የጊዜ ገደብ) ስንት ነው? ጠበቃ ሲጠየቅ አንዱ 2 ዓመት ይላል፣ አንዱ 10፣ አንዱ 15፣ የሚገርመው ደግሞ ሦስቱም የሚጠቅሱት ያንኑ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

2ቱ ከአንቀጽ 1149 ነው፣ ሁከት ይወገድልኝ ባዩ፣ ማለትም ይዞታዬን ነጠቁኝ ወይም ረበሹኝ የሚለው ሰው፣ በ2 ዓመት ካልከሰሰ ያልፍበታል። 10ሩ የውል ይርጋ ነው፣ አንቀጽ 1845። እንቅልፍ የሚነሳው አንቀጽ 1168 ነው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ 15 ዓመት በተከታታይ ግብሩን የከፈለ የንብረቱ ባለቤት ይሆናል ይላል። እና ባለቤቱ ሩቅ ስለሆነ ተከራዩን "ግብሩን አንተ ክፈልና ከኪራዩ ቀንስ" ይለዋል፣ ያው ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ ግን ማን ያያል? ከዓመታት በኋላ የኪራይ ውሉ ጠፍቷል፣ ደረሰኞቹ ግን በፌስታል ታስረው ተቀምጠዋል።

በኪራይ የገባ ሰው እኮ ቤቱን የያዘው ለአከራዩ ነው። ኪራይ ቢያቆም ባለዕዳ ይሆናል እንጂ ባለቤት እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ሕጉ ሲሻሻል በግልጽ ይጻፍልን፣ በተከራይ ላይ የ15 ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው "ከእንግዲህ ቤቱ የኔ ነው" ብሎ ለአከራዩ በጽሑፍ ካሳወቀበት ቀን ይሁን፣ ከዛ በፊት ያለው ዘመን አይቆጠር።

ይርጋ ይቅር እያልኩ አይደለም። በመንደር ውል ቤት ገዝቶ ሲኖር የሻጭ ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ መጥተው "ተከራይ ነበርክ" የሚሉት ሰውም አለ፣ ለሱ 1168 ብቸኛ መጠለያው ነው። ደግሞ አንቀጹ የተጻፈው መሬት የግል በነበረበት ጊዜ ነው፣ በ1967 መሬት የመንግስት ሆነ፣ ሕገ መንግስቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ፣ ታዲያ ዛሬ በ15 ዓመት የሚገኘው ቤቱ ብቻ ነው ወይስ የቦታው ይዞታም? ይሄ መልስ በየፋይሉ የሚፈለግ ሳይሆን ሕጉ ላይ የሚነበብ መሆን ነበረበት።

ሕግ እስኪሻሻል ጊዜ ይወስዳል፣ ይገባኛል። እስከዛ ግን ከከተሞች ገቢ ቢሮዎች ጋር ተነጋገሩና የግብር ደረሰኙ ላይ ከፋዩ ባለቤት ይሁን ተከራይ ወይ ወኪል የሚሞላበት አንድ መስመር ይጨመርልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አከራይ