«አይሆንም» ላሉን ጋሼ፣ ለድሬና ለሐረር ወገኖቻችን በሙሉ፦ የምስጋና መልእክት

ለድሬና ለሐረር አካል ጉዳተኞች ከውጭ የመጡት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ዊልቸሮችም ስኩተሮችም ባለቤቶቻቸው እጅ ገብተዋል። እንዴት እንደመጡ፣ መጋዘን ውስጥ እንዴት እንደከረሙ፣ በመሀል ምን ምን እንደተባለ ድሬ ሁሉ ያውቀዋልና አንደግመውም። ይህ ለምስጋና ብቻ የተጻፈ ነው። ገለቶማ፣ መሀድሰኒድ፣ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

እንደ ወጉ ከላይ ጀምሮ በተራ ማመስገን ይገባ ነበር። ይቅርታ ይደረግልንና ተራውን አንጠብቅም። ስማቸው እንዳይጻፍ ስላስማሉን «ጋሼ» ብቻ እንላቸዋለን፤ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የባጃጁን ኤሌክትሪክ ያሠራ ሁሉ ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል። «ይታደልና ይለቅ» የሚለው ግፊት ከየአቅጣጫው ሲበረታ፣ «ባትሪው ሳይለካ አንድም ወንበር ከዚህ ግቢ አይወጣም» ብለው በሩ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። አልወጣምም።

ያገለገለ ወንበር ከውጭ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ወንበሩን ነው፤ ጋሼ የሚያነቡት የቻርጀሩን ጀርባ ነው። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ በሰላም ይሠራል። 115 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሶኬት ውስጥ ሲገባ ይቃጠላል፤ በአዳፕተር እግሩን መቀየር ቮልቱን አይቀይርም። አንዳንዱ ጎኑ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማዞሪያ አለው፤ እሱ ወደ 230 ሳይዞር አይሰካም። ደግሞ የሊድ አሲድ ቻርጀር ለሊቲየም ባትሪ፣ የሊቲየሙም ለሊድ አሲድ አይሆንም፤ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ የሚሰካ ሰው ብዙ ስለሆነ ጋሼ እያንዳንዱን ቻርጀር ከወንበሩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ቀብተው አጣምረውታል። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

ባትሪው ላይ ደግሞ ጭራሽ አይቸኩሉም። አብዛኛው ወንበር የሚሄደው ሁለት ባለ 12 ቮልት ደረቅ ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው በሚሰጡት 24 ቮልት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት ለእሳቸው ሥራ አይደለም። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ከቻርጅ ከተነቀለ ከሰዓታት በኋላ ይለኩታል። 12.8 አካባቢ ከሆነ ሞልቷል፤ 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሹ አልቋል። ቁጥሩን ብቻም አያምኑም፤ ያረጀ ባትሪ ቆሞ ሲለካ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሰው ተቀምጦበት ዳገት እየወጣ ሳለ መልቲሜትሩን ያያሉ፤ ጭነት ሲመጣ ከሁለቱ አንደኛው ብቻውን ከወረደ በሽተኛው እሱ ነው። ሲቀየሩም ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ አምፔር ሰዓት ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ከተጣመረ አሮጌው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ያልቃል፤ ቻርጀሩ ለይቶ ስለማያውቅ አዲሱም ሳይቆይ ይበላሻል።

«የመኪና ባትሪ ይግባበትና እንገላገል» ያለው ሰው ብዙ ነበር። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ መጉደልና ማታ መሙላት ይገድለዋል። ፈሳሽ ያለው ከሆነ ደግሞ ወንበሩ ባጋደለ ቁጥር አሲዱ ከተቀመጠው ሰው ሥር ይፈሳል። ጋሼ ይህን ለእያንዳንዱ ጠያቂ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ መልሰዋል። አቦ፣ ያ ትዕግሥት ከየት ነው የመጣው?

የድሬን ሙቀትም የሚያስታውሱን እሳቸው ናቸው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ቻርጅ በቀን፣ ቆርቆሮ ሥር አይደረግም፤ ማታ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ነው። ሙሉ ቻርጅ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። በየቀኑ የሚነዱት በየማታው፣ የማይነዱትም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይሰካል፤ ባዶውን የከረመ ባትሪ ውስጡ በድኝ ጨው ይደርቅና አይመለስም። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩ ይነቀል፤ ሲመለስ ቮልቱ እስኪረጋጋ ጥቂት ተጠብቆ ይሰካ።

አንድ ነገር ቀረ። መንጃው ላይ አሥር ትንንሽ መብራቶች በረድፍ ያሉት ወንበር ለደረሳችሁ፣ ጋሼ ብልጭታውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚተረጉም ካርድ በእጃቸው ጽፈዋል። አንድ መብራት ብቻ ብልጭ ካለ ባትሪው አልቋል ወይም ሽቦው ላልቷል። ሁለት የግራ ሞተር፣ አራት የቀኝ ሞተር ሽቦ መላቀቅ ነው። ስድስት ከሆነ ወንበሩ አልተበላሸም፤ ቻርጀሩ አልተነቀለም። ሰባት የጆይስቲኩ (የመንጃ ዘንጉ)፣ ዘጠኝ የፍሬኑ ነው። ካርዱን የማይታጠብ ኪስ ውስጥ አኑሩት። ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩ ላይ ያለውን ማላቀቂያ (ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ማንሻ) እዩ፤ «አልሄድ አለ» ከሚባለው ወንበር ብዙው በእጅ ለመግፋት ተላቅቆ ሳይመለስ የቀረ ነው። የተላቀቀ ወንበር ፍሬን የለውም፤ ሐረር ቁልቁለት ላይ ሰው ተቀምጦበት ማላቀቂያው በፍጹም አይነካም።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሌላ የምንለው ጠፍቶን ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ እህታችንን ከእሳቸው ቀጥሎ መጥራታችን ሥራዋ አንሶ አይደለም። ማን ምን ይንዳ የሚለውን የወሰነችው እሷ ናት፤ የተወሰነውም በሜትርና በእጇ እየዳሰሰች ነው። ስኩተር ያምራል፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ነገር ግን ስኩተር የሚሆነው ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ በሁለት እጁ መሪ መያዝና በራሱ ወይም በትንሽ ርዳታ መውጣትና መውረድ ለሚችል ሰው ነው። ወገቡ የማይጸና ወይም እጁ ቶሎ የሚዝል ሰው ጆይስቲክ ያለው ወንበር ነው የሚሻለው። ባለ ሦስት ጎማው ስኩተር በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ ጎን ለጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ግን ይገለበጣል። ባለ አራቱ ይረጋል፣ ለመዞር ግን ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ወንበሩን ከመከልከል በፊት የመንጃው ፕሮግራም ይስተካከላል፤ አነሳሱ፣ የመዞሪያ ፍጥነቱና አቋቋሙ ለየብቻ ሊቀንስ ይችላል።

ልኬቱን ለቤተሰብ ሁሉ አስተምራለች፤ እኛም እዚህ የምናስቀምጠው በእሷ ፈቃድ ነው። ስፋቱ ከዳሌው ሰፊ ቦታ ይለካል፤ በሁለቱ ጎን ከአንድ ጣት የበለጠ ክፍተት ካለ ሰውየው ወደ ጎን ይወድቃል፣ ወንበሩም በር አይገባም። ጥልቀቱ ከመቀመጫ ጀርባ እስከ ጉልበት እጥፋት ተለክቶ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል፤ ከረዘመ ጫፉ የእግርን ደም ሥር ይጫናል፣ ካጠረ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ አጥንት ላይ ያርፋል። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ካለ ጉልበት ይነሳና ያው ክብደት ወደ አጥንቱ ይመለሳል። ዝቅ ካለ ደግሞ ሰውነት ወደፊት ይንሸራተታል፤ ከመሬት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ግድ ነው። ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ወደፊት አጎንብሶ መቀመጫውን ያሳርፋል፤ ጧትና ማታ ቆዳው በመስታወት ይታያል። ቀይ ሆኖ የማይጠፋ ቦታ ካለ ያን ቀን ወንበር ላይ አይወጣም።

በአየር የሚሞላ ትራስ ለደረሳችሁ ደግሞ ይህ ልብ ይባል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ትራሱ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል፣ ትራሱ ይደነድናል። ሐረር ላይ አስተንፍሶ ድሬ የተመለሰ ሰው ደግሞ አየሩ ጎድሎበት አጥንቱ ከወንበሩ ወለል ጋር ይገናኛል። በደረሱበት ሁሉ እጅ ከሥር ገብቶ ይፈተሽ፤ ከዝቅተኛው አጥንት ሥር ከ1.5 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር አየር መኖር አለበት።

ከትራሱ ሳንወጣ፣ የመኪና ግርግር (የሐረሩ የልብስ ስፌት ጎዳና) ልብስ ሰፊዎች! ልብሱን ሳይወጥሩ፣ በሚሳብ ጨርቅ ነው የሰፉት፤ የተወጠረ ልብስ ትራሱን እንደ ጣውላ ያደርገዋል። ጥቁሩን ፕላስቲክ አውልቀው ነጣ ባለ ጨርቅ ለውጠውታል፤ ድሬ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መቀመጫ ስሜት የሌለውን ቆዳ ያቃጥላልና። ሒሳብ ስንጠይቅ «ሂዱ ወዲያ» ነው ያሉን።

ሜትር ይዘው በየሰፈሩ መንገድና በር የለኩት ልጆች ከሌሉ ምርጫው ግምት ይሆን ነበር። ከዚራ ሜዳ ነው፤ እዚያ በመሀል ጎማው የሚነዳውና ባለበት የሚዞረው ወንበር ጥሩ ነው። ያው ወንበር ገንደ ቆሬ ጉድጓድ ላይ የፊትና የኋላ ትንንሽ ጎማዎቹ ሲያርፉ መሀለኛው አየር ላይ ይሽከረከራል። ለጉድጓዱና ለኮረኮንቹ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ የፊት ጎማው ሰፊ የሆነ ተመርጧል። አሸዋ ላይ የፊት ጎማ ስለሚሰምጥ ወደኋላ መንዳት ይቀላል። የደቻቱን ወንዝ ግን በክረምት አታቋርጡ፤ ውሃው የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ ከደጋው ነው፤ የ1998ቱን ጎርፍ የሚረሳ ድሬ የለም። ሐዲድ በቀጥታ ይሻገሩታል፤ በጎን የመጣ ትንሽ ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ይቀረቀራል።

ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር) ውስጥ ረጅሙ ስኩተር መታጠፊያ ያጣል፤ አጭርና ጠባብ ወንበር ነው የተሰጠው። የሐረሪ ቤት ነደባ (የመቀመጫ መደብ) ደረጃ በደረጃ ስለሆነ ወንበሩ ከታች ይቆማል፤ ልጆቹ የታችኛውን ነደባ ቁመት ለክተው የወንበሩ መቀመጫ ከእሱ ጋር እንዲተካከል አድርገዋል፤ ሰው በጎን ተንሸራቶ እንዲዛወር። ይህ ከማንኛውም መመሪያ አልተገኘም፣ የሐረር ልጆች ጭንቅላት ነው።

በያጆቹን ሳንረሳ። የ15 ሳንቲ ሜትር ደፍ የ1.80 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል፤ አንድ ወደ ላይ፣ አሥራ ሁለት ወደፊት። አጠር አድርጎ መበየድ ብረት ይቆጥባል፣ ወንበሩን ግን ወደኋላ ይገለብጠዋል። አንድም አላሳጠሩም። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ ባለሱቆቹ ግን አዋጅ ሳይጠቀስባቸው በራቸውን አስከፍተዋል። ኩሽኔታ ለቀየራችሁ፣ ካላማዳሪያ ለለጠፋችሁ ጎሚስታዎችም እንዲሁ።

የባጃጅና የሚኒባስ ሾፌሮች፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ ሸክም ያገዛችሁ የለገሃሬ ልጆች፣ ቡና ያፈላችሁ እናቶች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ስማችሁ ያልተጠራ ብዙ ናችሁ፤ ወረቀቱ አንሶ እንጂ ልባችን አልጠበበምና ይቅርታ አድርጉልን። በተለይ ሌሊት ጥበቃ ያደራችሁት፣ ስማችሁን እንኳ ሳትነግሩን ሄዳችኋል።

ባለወንበሮች፦ ጆይስቲኩ ሥር ያለው ላስቲክ ከተቀደደ ዝናብም አቧራም ውስጥ ይገባል፤ እስኪቀየር ፌስታል ይልበስ። ወንበሩ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በጎማ ውሃ አይታጠብ። የፊት ጎማ ኩሽኔታ ላይ የተጠመጠመ ክርና ፀጉር በየሳምንቱ ይውጣ። ሚኒባስ ላይ ሲታሰር ወንበሩ ከማብሪያው ይጥፋ፣ ማላቀቂያው ግን በቦታው ይሁን። ለሕፃናቱ ልኬቱ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ ያድጋሉ። ለምርመራ ስትመጡ ወንበሩን ብቻ አታምጡ፤ ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቻርጀሩን ነው።