እስቲ ቤት ገብታችሁ ለኩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ስልክ ኔትወርክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ገጠሩ ነው። ልክ ነው፣ እዚያ ይብሳል። እኔ የምጽፈው ግን ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የአዲስ አበባ-አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ማለት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ስቆም ስልኬ ፏ ብሎ ይሠራል፤ ቪዲዮ ሳይቀር ይከፍታል። ቤት ስገባ ድርግም ይላል። ይሄ ልዩነት ነው ብዕር ያስነሳኝ።

እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች የማስረክብ ሴት ነኝ። ቤቴ ግራውንድ ላይ ነው። ሊጡ የሚቦካው ቀደም ብሎ ነው። ለነገ ስንት እንጀራ እንደሚጋገር የሚታወቀው ግን ማታ በሚደወል ስልክ ነው። “ነገ እንግዳ አለብን፣ 50 ጨምሪ” ይሉኛል። ወይም “ነገ አንከፍትም፣ እንዳታመጪ”። የመጀመሪያው ቢያመልጠኝ ገበያ ቀረብኝ ብዬ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው ካመለጠኝ ግን የጋገርኩት ሁሉ እጄ ላይ ይቀራል። የጤፍን ዋጋ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሐሜቱ ነው። ስልኬ ሲጠፋ ደዋዩ የሚያስበው ኔትወርክ የለም ብሎ አይደለም። ዘግታዋለች ብሎ ነው። አንድ ደንበኛዬ “ሥራ ሲበዛብሽ ትዘጊያለሽ አይደል?” አለኝ፣ እየሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም። በቅርቡ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለች አክስቴ አረፈች። ዘመድ ሲደውልልኝ አመሸ። ድሮ መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር፤ ዛሬ ዘመድ የት የት ተበትኖ ሌላ ምን መንገድ አለ? እኔ የሰማሁት በማግስቱ ረፋድ ላይ ዕቃ ልገዛ ስወጣ ነው። ቀብሩ አመለጠኝ። ለቅሶ ቤት ደርሼ “ቤቴ ውስጥ ስልክ አይሠራም” ብል ማን ይሰማኛል? አዲስ አበባ አይደለም እንዴ የምትኖረው! እንዲህ ያለ ቂም በቀላሉ አይወጣም።

ምክንያቱን ያስረዳኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጎረቤቴ ነው። ቤታችን ኮንክሪትና ብሎኬት ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ ፌሮ አለ፤ በሩና መስኮቱም ብረት ነው። ፊት ለፊት ሌላ ብሎክ ተገትሯል። ሞገዱ ይህን ሁሉ አልፎ እኔ ማድ ቤት እስኪደርስ ይደክማል። ፈጣን ኢንተርኔት የሚሄድባቸው ከፍ ያሉ ፍሪኩዌንሲዎች ደግሞ ግድግዳ ሲገጥማቸው ከዝቅተኞቹ ይበልጥ ይዳከማሉ። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ አንቴናው ይጨናነቃል። መብራት ሲጠፋ አንቴናው የሚቆየው በባትሪ ወይም በጀነሬተር ነው። ባትሪው ካለቀ እሱም ይሄዳል። ያኔ ጨለማ ውስጥ ሆኖ “መብራት መቼ ይመጣል?” ብሎ መጠየቂያም የለም።

ዘዴ መፈለጉንማ ተክነንበታል። ለትዕዛዝ የምጠቀምባት ባለ ቁልፍ ስልክ መስኮት ላይ ነው የምታድረው። ትልቁን ስልክ 2ጂ ብቻ ላይ ሳደርገው ጥሪ ይይዝልኛል፤ ኢንተርኔቱ ግን ይቀራል። ከዚያም ስልኬ ሳይገኝ ሲቀር ጥሪው ሳሪስ ወዳለችው እህቴ እንዲዞር አደረግሁ። ኮከብ ኮከብ 62 ኮከብ፣ የምታዞሩበት ቁጥር፣ መሰላል፣ ከዚያ መደወል ነው። ትዕዛዙን እሷ ትቀበላለች። ታዲያ ለእኔ ልትነግረኝ ስትደውል የራሷ ጥሪ ወደ ራሷ ይዞራል! መጨረሻ ላይ ለአራተኛ ፎቁ ጎረቤቴ ትደውልና እሱ ደረጃውን ወርዶ “50 ጨምሪ ብለዋል” ይለኛል። እግዜር ይስጠው።

ክፍያውም ያው ነው። ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ በሞባይል ባንኪንግ ነው። “ልከናል” ይሉኛል። የባንኩ መልእክት ካልደረሰኝ በምን አውቃለሁ? ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያሳይ ሰው እንዳለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የማረጋገጫ ቁጥር ስጠይቅ ጊዜው ካለፈበት በኋላ ዱብ ይላል። የፋይዳ ማረጋገጫም የሚመጣው በዚሁ ስልክ ነው። ጉዳያችንን ሁሉ ስልክ ላይ ከጫናችሁት ስልኩ ቤታችን ውስጥ ይሥራ እንጂ።

“የኔትወርክ ማጉያ ገዝተሽ ግጠሚ” የሚሉኝ አሉ። ጎረቤቴ ግን ተይ አለኝ። ያልተፈቀደ ማጉያ የአካባቢውን አንቴና ይረብሻል። ለእኔ ሲደምቅ ለሌላው ይጠፋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ደግሞ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የጸደቀ መሆን አለበት። እሺ፣ ተውኩት።

እዚህ ላይ የራሴንም ጎረቤቶች ልቆጣ። በብሎካችን ስብሰባ አንቴና ጣሪያ ላይ ቢተከልስ የሚል ሐሳብ ሲነሳ “በሽታ ያመጣል” ብለው ያፈረሱት አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንቴና ጣቢያ የሚወጣው ደካማ ሞገድ ጤና እንደሚጎዳ አሳማኝ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም ብሏል። እንዲያውም ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ራሱ ነው አቅሙን ጨምሮ የሚያሰራጨው፤ ባትሪው ቶሎ የሚያልቀውና ስልኩ የሚግለው አንዱ ለዚህ ነው። አንቴናውን ከጣሪያ አባርረን የሚግለውን ስልክ ጆሯችን ላይ ለጥፈን እንውላለን። ማታ በረንዳ ላይ “ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?” እያሉ ሰፈሩን የሚቀሰቅሱትም እነዚያው ተቃዋሚዎች ናቸው።

የምጠቀምበት ኩባንያ የደንበኞች አገልግሎት ዘንድ ደውዬ ነበር። ከደጅ ቆሜ ነው የደወልኩት፤ ሌላ ምን ላድርግ? ልጅቷ ጨዋ ናት፣ በሥርዓት ነው ያናገረችኝ። “አካባቢዎ ሽፋን አለው፣ ወደ ውጭ ወጥተው ይሞክሩ” አለችኝ። ወደ ውጭማ ወጥቻለሁ! እንጀራ የምጋግረው ግን ውስጥ ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። የአገልግሎት ጥራት የሚለካበት አንዱ የታወቀ መንገድ መሣሪያ መኪና ላይ ጭኖ በየመንገዱ እየዞሩ መሞከር ነው። በዚህ ዓይነት ልኬት የእኛ ሰፈር ያለምንም ጥርጥር ያልፋል። አስፋልቱ ላይ ምን ጎድሎ! ግን አስፋልት ላይ የሚኖር የለም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ይህን ዘርፍ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሞልናል። ስለዚህ ልኬቱ ቤት ውስጥም ይደረግ። ግራውንድ ላይ፣ በር ተዘግቶ፣ ማታ ሰው ሁሉ ሲገባ። ውጤቱም የከተማ አማካይ ተብሎ ሳይሆን በየሰፈሩ ተለይቶ ይውጣ። ደህና የሚሠራው ሰፈር የእኛን ጉድ እንዳይሸፍንብን። አዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሲሠራም የውኃና የመብራት መስመር ሲታሰብ የአንቴናው ቦታ አብሮ ይታሰብ። ሰው ከገባ በኋላ ጣሪያ ላይ መውጣት ጭቅጭቅ ነው፤ አይተነዋል።

ለመለካት የሚመጣ ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ይምጣ። ቤቴ ክፍት ነው። ቀድሞ መደወል አያስፈልግም፤ ቢደውልም አያገኘኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እንጀራ አቅራቢ
ከቱሉ ዲምቱ