ሃርድ ዲስክ ስንገዛ «ስንት ቴራ ነው?» ብቻ አንበል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጥር ሰርግና የጥምቀት ቀረጻ ሲቃረብ የጎንደር ቪዲዮ አንሺዎችና ኤዲተሮች ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሸምታሉ። ሱቅ ተገብቶ የሚጠየቀው ግን «ስንት ቴራ ነው?» ብቻ ነው። ፋይል አስቀምጦ ለሚተው ሰው ይህ ይበቃል፤ ኤዲት ሊያደርግበት ለሚገዛው አይበቃም። ሥራውንም ክምችቱንም አንድ ትልቅ ዲስክ ላይ ከመጫን ገንዘቡን ከፍሎ 1 ቴራ ኤስኤስዲ (እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ፈጣን ዲስክ) ለሥራ፣ ሁለት ተራ ሃርድ ዲስክ ለማስቀመጫ መግዛት ይሻላል እንላለን።

ሒሳቡን እንይ። በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሦስት ካሜራዎች አራት አራት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋ ነው። ሦስቱ በአንድ ታይምላይን (በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ቀረጻዎች በሚደረደሩበት መስመር) ላይ ሲጫወቱ የሚፈልጉት በሰከንድ 37.5 ሜጋባይት ነው፤ በኪስ የሚያዘው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከ100 እስከ 140 ያነባል። በቁጥር ሲታይ ይተርፋል። ችግሩ ያለው ዲስኩ ውስጥ የማንበቢያው ጫፍ ከአንዱ ካሜራ ፋይል ወደ ሌላው እየዘለለ መሥራቱ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ዝላይ ከአሥር ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሚወስድ ምስሉ ይቆራረጣል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ አያውቀውም።

ሌላም አለ። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የኪስ ሃርድ ዲስኮች የመጻፊያ መስመሮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። አንዱን መስመር ለማደስ አጠገቡ ያሉትም እንደገና መጻፍ አለባቸው። አንዴ ገልብጦ ለማስቀመጥ ምንም አይሉም፤ ካሽ (ፕሮግራሙ የሚፈጥረው ጊዜያዊ ፋይል)፣ ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ) እና ኤክስፖርት (ያለቀለት ቪዲዮ) ሲመላለስባቸው ግን ፍጥነታቸው ክፉኛ ይወርዳል። ማስቀመጫና መሥሪያ ይለያዩ የምንለው በዋናነት ለዚህ ነው። ለሰርግ ሥራ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ የሚሰጠው፣ ሳታ በተባለው መገናኛ የሚሠራ ኤስኤስዲ በቂ ነው፤ እጥፉን ለሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም።

የምስል መቆራረጥ ሁሉ ግን የዲስክ ጥፋት አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ታይምላይኑን እያጫወታችሁ የፕሮሰሰሩንና የዲስኩን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ 100 ከመቶ ደርሶ ዲስኩ ዝቅ ብሎ ከታየ ኤስኤስዲ ቢገዛም ለውጥ አይመጣም፤ መፍትሔው ዝቅተኛ ጥራት ያለው ፕሮክሲ መሥራት ነው። በተለይ ኤች 265 በተባለው፣ ቪዲዮን አጥብቆ በሚያጭቅ ስልት የተሠራ ቀረጻ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የሚሆነው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው «ዲስኬ ቀርፋፋ ነው» የሚለው በኬብሉ ምክንያት ነው። የስልክ ቻርጀር ኬብል ጫፉ ቢገጥምም አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 2 ስለሆነ በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ 75 ደቂቃ የሚፈጀው የ540 ጊጋ ግልበጣ ወደ አራት ሰዓት ይደርሳል። አብሮት የመጣውን ኬብል አትለዩት። ዴስክቶፕ ላይ ከኋላ ያለውን ዩኤስቢ 3 ተጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። የፊተኛው አንዳንዴ በቂ ኃይል አይሰጥም፤ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚጠፋው ሁሌም ስለተበላሸ አይደለም።

ፎርማቱን (ዲስኩ ፋይል የሚያደራጅበትን ስልት) በተመለከተ፣ ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ለቪዲዮ አይሆንም። ኤክስፋት ዊንዶውስም ማክም ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን በጽሑፍ መሐል መብራት ከሄደ የፋይል ማውጫው በቀላሉ ይበላሻል። ማክ የማይነካው ሰው ኤንቲኤፍኤስ ያድርገው። ትልቁ የጠረጴዛ ሃርድ ዲስክ በራሱ አዳፕተር ስለሚሠራ የላፕቶፑ ባትሪ አያድነውም፤ ዩፒኤስ ይፈልጋል።

ዋጋው አጓጊ የሆነ «16 ቴራ» የኪስ ኤስኤስዲ ካያችሁ ሐሰተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ነው። ኮምፒውተሩ 16 ቴራ ብሎ ቢያሳይም ቦታው ካለቀ በኋላ የተጻፈው ይጠፋል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ጽፎና አንብቦ እውነቱን ያወጣል። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ሲሆን የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት፣ እንዲሁም የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩትን 05 እና ሲ5 የተባሉ መስመሮች እዩ፤ የሁለቱ መስመሮች ጥሬ ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ተዉት። ባለሱቆችም ይህን ፍተሻ እንደ ስድብ ባታዩት መልካም ነው፤ ደንበኛው እምነት የሚጥለው አይቶ ሲገዛ ነው።

የካሜራው ካርድ ፎርማት የሚደረገው ቀረጻው ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ መግባቱና መከፈቱ ከታየ በኋላ ነው። አንዱ ፎልደር ሁለት ቦታ ያው ዲስክ ላይ መሆኑ ቅጂ አያሰኘውም። ሁለቱ ማስቀመጫዎችም አንድ ቤት ባይቀመጡ ይመረጣል፤ አንዱ ማራኪ ሰፈር ሌላው አራዳ ሰፈር ቢሆን ሌባም እሳትም ሁለቱን በአንዴ አያገኛቸውም።

ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ለሚቀርጽ ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። የሃርድ ዲስክ የማንበቢያ ጫፍ በስስ የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ አምራቾች የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ላይ ስጋት የለም። በተራሮቹ ያሉት የሳንቃ በርና የግጭ ካምፖች ግን ከዚያ በላይ ናቸው። እዚያ ግልበጣውን በኤስኤስዲ ሥሩ፤ ሃርድ ዲስኩ ጠፍቶ በሻንጣ ቢጓዝ አይጎዳም፣ ደባርቅ ወርዳችሁ ክፈቱት።

የቪዲዮ ቅንብር ባለሙያዎች
ከጎንደር